ሬዲዮ እንዴት እንደተላከች

እናት አባቷ ያወጡላትን ስም ከባሏና ከመታወቂያ ወረቀቷ በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም። ለሰፈሩ ሁሉ ሬዲዮ ነበረች።

ከመድኃኒት መደብሩ አጠገብ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት፤ ጥቂት ወንበር፣ ሁለት ካስክና አንድ መታጠቢያ ገንዳ ሲገባባት መላወሻ የምታሳጣ ጠባብ ክፍል ናት። ጠዋት የብረት መዝጊያውን ወደ ላይ ስትገፋው አፏም አብሮ ይከፈታል፤ የሚዘጋው ማታ መዝጊያው ሲወርድ ነው። የፀጉር ማድረቂያው ካስክ እንደ ወፍጮ ያጓራል፣ እሷ ደግሞ ከካስኩ በላይ ትጮኻለች። የማን ልጅ እንዳገባች፣ የማን ጥርስ እንደተነቀለ፣ የትኛው ጫማ ቤት ዋጋ እንደቀነሰ አንድ ሳታስቀር ትተርካለች። ክፉ ወሬ ግን አትወድም፤ ሰው የሚጎዳ ነገር ከሰማች በሆዷ ታስቀረዋለች። ብቻ ዝም ማለት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ደንበኞቿ ግማሹን ለፀጉራቸው፣ ግማሹን ለጨዋታዋ ነበር የሚመጡት።

ባሏ በያጅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ቃል በሚዛን የሚያወጣ ሰው። ጓደኞቹ «እንዴት ቻልካት?» ሲሉት፣ «ጌታ እሷን ሊሰጠኝ ሲያስብ ነው አስቀድሞ ብረት ቤት አስገብቶ ጆሮዬን ያሰለጠነው» ይላቸዋል። እሷም አትቀየምም። «እሱ ባይኖር ማን ያዳምጠኝ ነበር?» ትላለች።

አንድ እሁድ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው እንግዳ መጣች። በሩቅ ጠረፍ ብዙ ዓመት ያገለገለች፣ ፀሐይ ፊቷን ያጠቆራት ሴት ነበረች። ወንጌልን አንድ ጊዜ እንኳ ስላልሰሙ መንደሮች፣ የሚነግራቸው ሰው ስላጡ እናቶች ተናገረች። ሬዲዮ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎረቤቷን በክርኗ ሳትጎስም ስብከት ጨረሰች። እንባዋ እየወረደ በልቧ፣ «ለካ ይሄ ሁሉ አፍ የተሰጠኝ በከንቱ አይደለም» አለች።

ቤት እንደገቡ ለባሏ፣ «ልሄድ ነው» አለችው።

«የት?»

«ጌታ ወደሚልከኝ።»

ባሏ ጫማውን እየፈታ ትንሽ አሰበ። «ምሳ በልተን ነው?»

ቀልድ ይመስላል እንጂ እሱም የምሩን ነበር። በያጅ የትም አገር እንጀራ አያጣም፤ እሷ ትሂድ ከተባለ ማሽኑን ጭኖ ለመከተል ልቡ ቆርጧል። እሷም በዚያው ሰሞን ቤተ ክርስቲያኒቱ ጓሮ ባለችው ክፍል በሚሰጠው የማታ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ተመዘገበች። ጣቶቿ በፀጉር ቀለም እንደጠቆሩ፣ ልብሷ ሻምፖ ሻምፖ እየሸተተ፣ ከሥራ በቀጥታ ትሄዳለች። ወንበሩ የልጆች ስለሆነ ጉልበቷ ከጠረጴዛው ሥር አይገባም፤ በጎን ቁጭ ብላ ትማራለች።

የሚያስተምሯቸው ጡረታ የወጡ አንዲት ሴት ነበሩ፤ ሰውነታቸው ኮሳሳ፣ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ የሚንጠለጠል። ሁሉም «መምህርት» ይሏቸዋል። የስብከት ልምምድ ቀን ሲደርስ ሬዲዮ ተነስታ እንደ ጎርፍ ወረደችበት። ክፍሉ ሳቀ፣ አለቀሰ፣ አጨበጨበ። ስትጨርስ መምህርት መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ጥሩ ነው የኔ ልጅ። እያወራሽ ሳለ የኋለኛው ወንበር ላይ የተቀመጠችውን እህትሽን ፊት አየሽው?» አሏት።

«ኧረ መምህርት! ሐሳቡ እየፈሰሰብኝ ፊት ለማየት ጊዜ የት አለኝ?»

መምህርት ፈገግ ብለው ሌላ ተማሪ ጠሩ። ሬዲዮም ነገሩን እዚያው ረሳችው።

ትምህርቱ ሊያልቅ ሲቃረብ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌዎች ወደ ጠረፍ የሚላክ ሰው መፈለጋቸውን ነገሩ፤ የሁሉም ዓይን እሷ ላይ አረፈ። ስሟ ተመረጠ። እሷም ከደስታዋ ብዛት ለደንበኛው ሁሉ፣ ለመድኃኒት ሻጩ፣ ለውሃ ቆጣሪ አንባቢው ሳይቀር እየዞረች ተናገረች። ድምፇ መጎርነን የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። «ብርድ ነው» አለች። ማር በሎሚ ጠጣች፣ ሻርፕ ጠመጠመች። ጉርናቱ ብሶ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲንቋቋ ባሏ ክንዷን ይዞ ከተማ መሀል ያለ የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት።

ሐኪሙ በቀጭን መሣሪያ ጉሮሮዋን አይቶ፣ የድምፅ አውታሯ ላይ እባጭ መኖሩን ነገራት። «በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ክፉ ነገር አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ ግን እስክነግርሽ ድረስ አንዲት ቃል መተንፈስ የለም፤ በሹክሹክታም ቢሆን።»

ሬዲዮ ወደ ባሏ ዞረች። ባሏ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር።

«ሲድንስ?» አለች በሻከረ ድምፅ። «የምሰብክ ሰው ነኝ።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ድምፅሽ ይመለሳል፤ ግን እንደ ድሮው አይሆንም። ለሰው ጉባኤ መጮህ፣ ለረጅም ሰዓት መናገር የሚባለውን እርሺው።»

ሰፈሩ መጀመሪያ ሳቀ። «ባልሽ ለሐኪሙ ምን አጎረሰው?» ያላት አልጠፋም። ሽማግሌዎቹ ግን ሳይስቁ መጥተው ቤቷ ተቀመጡ። የጠረፉ ሰዎች ስለሚጠብቁ ጉዞው ሊዘገይ እንደማይችል በትሕትና ነገሯት። በእሷ ፋንታ አብሯት የተማረው ልብስ ሰፊ እንዲሄድ ተወሰነ። የመላኪያው ቀን እጃቸውን ጭነው ሲጸልዩለት፣ ሬዲዮ መካከለኛው መደዳ ላይ ተቀምጣ የሻርፗን ጫፍ ነክሳ አለቀሰች። ቀዶ ሕክምናው አልፎ ድምፅ እንዳታወጣ ታዝዛ ስለነበር፣ ለቅሶዋ እንኳ የሚሰማ አልነበረም። ባሏ ጎኗ ሆኖ እጇን አጥብቆ ያዘ።

ዝምታው ቤት ውስጥ ሌላ ጣጣ አመጣ። ሽንኩርት እንዲገዛ በእጇ ክብ ሠርታ ዓይኗን ስትጠራርግለት፣ ባሏ ተጨንቆ የዓይን ጠብታ ይዞላት ይመጣል። ሌላ ቀን ጨው በሁለት ጣቷ እየበተነች ብታሳየው፣ «የዶሮ ጥሬ ነው? ዶሮ መቼ ገዛን?» አለ። የምትናገርበት ቢጠፋት ትራስ ወረወረችበት። ኋላ ላይ የሕፃናት መጻፊያ ሰሌዳ ገዛላትና ትንሽ ተነፈሰች።

ፀጉር ቤቱ ግን ጭር አለ። ለጨዋታው ይመጡ የነበሩት ቀሩ። ለፀጉራቸው የሚመጡት በመስታወቱ በኩል በሐዘኔታ እያዩዋት መጽሔት ይገልጣሉ። ካስኩ ብቻውን ያጓራል። ሬዲዮም በልቧ ከፈጣሪዋ ጋር ትሟገታለች፤ «አስተማርከኝ፣ አስመረጥከኝ፣ ልትልከኝ ስትል አፌን ዘጋህብኝ። ምን አድርጌህ ነው?»

አንድ ቅዳሜ በሰፈሩ የልጆች ትምህርት ቤት ጸሐፊ የሆነች ሴት መጣች። ለዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ሳታጓድል የምትታጠብ፣ ዝምተኛ ደንበኛ ናት። ሬዲዮ ስለ እሷ የምታውቀው ፀጉሯ ቶሎ እንደሚደርቅና ሽቶ የሌለው ቅባት እንደምትወድ ብቻ ነበር። ራሷን ገንዳው ላይ አስደግፋ ውሃውን ለቀቀችላት። ጸሐፊዋ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ዛሬ ልደቱ ነበር» አለች።

ሬዲዮ ውሃውን ቀነስ አደረገች።

«የበኩር ልጄ። በሕይወት ቢኖር ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ይገባ ነበር።»

ሬዲዮ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ድምፅ የለም። ድምፅ ቢኖራት ምን ትል እንደነበር አሳምራ ታውቃለች፤ «አይዞሽ፣ የአክስቴም ልጅ እንዲሁ…» ብላ የአክስቷን ልጅ ታሪክ ከሀ እስከ ፐ ትዘረግፍ ነበር። አሁን ግን የቀሯት እጆቿ ብቻ ናቸው። ቀስ አድርጋ ከግንባሯ ወደ ማጅራቷ፣ ከማጅራቷ ወደ ጆሮዋ ሥር አሸች። ጸሐፊዋም አወራች፤ እንዴት እንደታመመ፣ ምን ይወድ እንደነበር፣ ቤት ውስጥ ስሙን የሚጠራ እንደሌለ። ሻምፖው አልቆ፣ ውሃው ጠርቶም አወራች። ስትነሳ ሬዲዮን አቀፈቻትና፣ «ዛሬ ቀለል አለኝ» ብላ ወጣች።

ሬዲዮ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ያን ራስ ስንት ዓመት አጥባዋለች! ስለ ጫማ ቤቱ ቅናሽ ስንት ጊዜ አውርታበታለች! አንዲት እናት ሐዘኗን ይዛ ቅዳሜ በቅዳሜ ስትመጣ፣ እሷ የምትተነፍስበት ቀዳዳ አልተወችላትም። ሰሌዳውን አነሳችና ምንም ሳትጽፍበት መልሳ አስቀመጠችው። ያን ቀን ጸሎቷ ሙግት አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። ሬዲዮ ሰው ማየት ጀመረች፤ ትከሻው የከበደውን፣ ስትስቅ ዓይኗ የማይስቀውን። ሴቶቹም ያለ መጽሔት መቀመጥ፣ ቀስ እያሉም ማውራት ለመዱ። ሐኪሙ «አሁን ተናገሪ» ባላት ጊዜ የወጣው ድምፅ እንደ ስፌት ክር ቀጭን ነበር፤ ካስክ ከተከፈተ አይሰማም። ባሏ ሲሰማው ደስታውን መደበቅ አቅቶት፣ «ይሄንን እንኳ ጆሮዬን በጥጥ ሳልደፍን ነው የማዳምጠው» አላት። እሷም ሳቀች። ሳቋ ግን ያው የድሮው ነበር።

የጠረፉ ነገር ግን ከልቧ አልወጣም። ልብስ ሰፊው የሚልከው ዜና እሁድ እሁድ በተነበበ ቁጥር ደስም ይላታል፣ ሆዷም ይባባል።

እንዲህ እያለች ሳለ መምህርት ከቤታቸው ደረጃ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። አብረው የተማሩት ተሰብስበው ሆስፒታል ሊጠይቋቸው ሄዱ። ክፍሉ ረጅም፣ አልጋው በግራና በቀኝ የተደረደረ፣ መስኮቱ ከፍ ያለ ነው። ዘመሩ፣ አንዱ ረዘም ያለ ጸሎት ጸለየ፣ ብርቱካናቸውን አስቀምጠው ተሰናበቱ። ሬዲዮ ለመሄድ ስትዞር መምህርት ቀሚሷን ያዙ።

«የኔ ልጅ፣ አንቺ ቅሪ።»

ጎንበስ አለችላቸው።

«ሁሉም ስለ ነፍሴ ጸለዩልኝ፤ እግዜር ይስጣቸው። እኔ ግን ራሴ አሳክኮኝ ልሞት ነው። ከወደቅሁ ጀምሮ ውሃ አልነካኝም። ነርሶቹን እንዳላስቸግር ሥራቸው በዝቶባቸዋል።»

«ነገ እመጣለሁ» አለቻቸው ሬዲዮ። በማግሥቱ ሁለት ፔርሙስ ሙቅ ውሃ፣ ሳፋ፣ ጆግ፣ ላስቲክና ፎጣ ተሸክማ መጣች። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር በሩ ላይ አስቆመቻት። «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ? አልጋ ብታረጥቢብኝ ቅያሪ አንሶላ የለኝም!»

«ሲስተር፣ ጠብታ ቢፈስ እንደገና አልመጣም» አለች በቀጭን ድምፇ።

ሲስተር እጇን አጣጥፋ ልታይ ቆመች። ሬዲዮ ትራሱን አወጣች፤ ላስቲኩን በፎጣ ጠቅልላ ከመምህርት አንገት ሥር እንደ ቦይ አደረገችው፤ ጫፉን ወደ ሳፋው ለቀቀችው። የውሃውን ሙቀት በክንዷ ሞክራ ቀስ እያለች አፈሰሰች። መምህርት ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እሰይ… እሰይ የኔ ልጅ… ጌታ ሆይ ተመስገን» እያሉ እንባቸው በጆሯቸው በኩል ከውሃው ጋር ወረደ። አንሶላው አልረጠበም። ሲስተር ሄዳ፣ ደረቅ ፎጣ ይዛ ተመለሰች።

ፀጉራቸውን አድርቃ እየጎነጎነችላቸው ሳለ ከጎን ካለው አልጋ፣ «እኔስ ሰው አይደለሁም?» የሚል የሻከረ ድምፅ መጣ።

ነርሶቹ በአልጋዋ ቁጥር «አምስት ቁጥር» እያሉ የሚጠሯት ሴትዮ ነበረች። ጠያቂ የላትም። ስትቆጣ ሳህን ትወረውራለች። ፀጉሯ ከመተኛት ብዛት ተጣብቆ አንድ ጉብታ ሆኗል፤ ነርሶቹ ሊላጩት ቢመጡ በጥርሷ ልትነክሳቸው ምንም አልቀራትም።

ሬዲዮ ጠጋ ብላ አየችው። «ይፈታል፣ እትዬ። ግን በአንድ ቀን አይሆንም።»

«ልትሰብኪኝ ከሆነ ገና ከአሁኑ ሂጂ። ሰባኪ ሰልችቶኛል። ይመጣሉ፣ ያወራሉ፣ ይሄዳሉ።»

«ለስብከት የሚሆን ድምፅ የለኝም፣ እትዬ።»

ሴትዮዋ በጥርጣሬ አየቻት። «እውነትሽን ነው፣ አንቺስ የታነቀች ጫጩት ነው የምትመስይው» ብላ ራሷን ሰጠቻት።

ሬዲዮ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዋን እየዘጋች ከሰዓት በኋላ መምጣት ያዘች። ቅባቱን በጣቶቿ እያስገባች፣ አንድ አንዱን ዘለላ ከሥሩ ይዛ ከጫፉ እየፈታች። በመጀመሪያው ቀን ሴትዮዋ ስትራገምባት ዋለች። በሌላው ቀን ስለ ሐኪሞቹ አማረረች። ከዚያ ስለ ልጅነቷ፣ ስለ እህቷ አነሳች። በቤት ውርስ ተጣልተው ከተኳረፉ ዘመን እንደሆናቸው፣ እህቷ መታመሟን እንኳ እንደማታውቅ ተናገረች። ሬዲዮ «እህ» ከማለት በቀር አልጨመረችም። ምላሷ ላይ ስንት ምክር መጥቶ እንደተመለሰ እሷና ጌታ ያውቃሉ። መምህርት ከጎን ሆነው የተኙ ይመስላሉ፤ አልተኙም ግን።

የመጨረሻው ቋጠሮ ሲፈታ ሬዲዮ ፀጉሩን ለሁለት ከፍላ ጎነጎነችና ትንሿን መስታወት አቀበለቻት። ሴትዮዋ ጉንጉኖቹን በጣቷ እየዳሰሰች አየች። «እህቴ ነበረች እንዲህ ለሁለት ከፍላ የምትጎነጉንልኝ» አለች። መስታወቱን ደረቷ ላይ አስቀመጠችና፣ «በይ እንግዲህ ለአምላክሽ ንገሪልኝ። ግን አታስረዝሚው» አለቻት።

ሬዲዮ እጇን በንጹሑ ፀጉር ላይ አሳረፈች። «ጌታ ሆይ፣ ይቺን እናት አንተ ታውቃታለህ። እኔም አሁን ስላወቅኋት አመሰግንሃለሁ። ከእህቷ ጋር አገናኛት፤ አሜን።» ሴትዮዋ አሜን አላለችም። ነገር ግን ሬዲዮ ልትሄድ ስትነሳ፣ «ስልክ አለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። የእህቷን ቁጥር በቃሏ ታውቀው ኖሯል።

እህትየዋ በነጋታው መጣች። ምን እንደተባባሉ ሬዲዮ አልሰማችም፤ ሲስተር ናት የነገረቻት። ሁለቱ ሲላቀሱ ነርሶቹ መድኃኒት ማደል አቁመው እንደነበር፣ ኋላም አምስት ቁጥር እህቷ ያመጣችውን ሾርባ «ጨው የለውም» ብላ እንደተቆጣች።

መምህርት በክራንች መሄድ እንደቻሉ መጀመሪያ የሄዱት ሽማግሌዎቹ ዘንድ ነው። «ያቺ ልጅ ተልካለች» አሏቸው። «እናንተ የቀራችሁ ማወቅ ብቻ ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሥርዓት የሚወዱ አባት፣ ጢማቸውን እየዳሰሱ፣ «መምህርት፣ እንግዲህ ፀጉር ማጠብን አገልግሎት ብለን በጉባኤ ፊት እጅ እንጫን?» አሉ።

«እርስዎ ሆስፒታል ገብተው ያውቃሉ?»

«እግዜር ይመስገን፣ አላውቅም።»

«ይግቡና ያን ጊዜ ይጠይቁኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተሳሳቁ፤ ያም ሆኖ ሰውዬው ጨዋ ነበሩና በራሳቸው እግር ሆስፒታል ሄደው አዩ። ሲመለሱ ቀኑ እንዲቆረጥ ቀድመው የጠየቁት እሳቸው ናቸው።

ያን እሁድ ሬዲዮ መድረክ ላይ ስትንበረከክ እጃቸውን ጫኑባት። ጸሐፊዋ መጥታለች። ሲስተርም የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ከኋላ ቆማለች። «ወደ ሆስፒታሉ፣ በዚያም ወደ ተኙት ሁሉ፣ በጌታ ስም ልከንሻል» ሲሏት፣ የተመኘችው የጠረፍ መንገድ በዓይነ ሕሊናዋ መጣና አለፈ። አልቆጫትም። ሆስፒታሉ ከፀጉር ቤቷ ጀርባ ነው፤ በእግር የሚደረስ። እሷ ግን መምህርት እስኪወድቁ ድረስ በደጁ እያለፈች ገብታበት አታውቅም ነበር።

ድምፅ ማጉያው ተሰጣት። ሰው ሁሉ ጆሮውን ቀሰረ።

«ብዙ የምለው ነበረኝ» አለች። «ጌታ አሳጠረልኝ። ተመስገን።» አስረከበችና ወረደች። ባሏ ከሁሉም በላይ አጨበጨበ።

በዚያው ሳምንት ባሏ ከብረት ቤቱ አንድ ነገር በጨርቅ ሸፍኖ አመጣ። ከስስ ላሜራ የሠራው፣ አንገት የሚያሳርፍበት ጎድጓዳ ያለው፣ ጠርዙ ማንንም እንዳይቆርጥ በሞረድ የለሰለሰ፣ ከሥሩ ውሃ ማውረጃ ቱቦ የተያያዘለት ማጠቢያ ነው። መቼ ለካው፣ መቼ ሠራው? አልነገራትም። «እስቲ ተኚ» አላትና ሶፋው ላይ አስተኝቶ በራሷ ሞከረው። በያጅ እጆቹ ሻካራ ናቸው፤ ሻምፖውም ዓይኗ ገባ። ሬዲዮ ዓይኗን ጨፍና ታጠበች። የሚያጥባት ሰው አግኝታ አታውቅም ነበርና፣ መታጠብ ምን እንደሚመስል ያን ቀን ተማረች።

ዛሬ ሬዲዮ ሰኞና ሐሙስ ፀጉር ቤቷን አትከፍትም። ከእሷ ጋር የሚሄዱ ሌሎች ፀጉር ሠሪዎች ተገኝተዋል። ከመካከላቸው አንዷ ከመንገዱ ማዶ ፀጉር ቤት ያላት፣ ደንበኛ ስትሻማት የኖረች ባላንጣዋ ናት። የመጀመሪያው ቀን የሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ባላንጣዋ ሳፋዋን አቅፋ ቆመች።

«አንቺዬ፣ ፈራሁ እኮ። ምን እላቸዋለሁ? እኔ ወንጌል አልተማርኩ፣ ጥቅስ አላውቅ።»

ሬዲዮ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ያዘችላት።

«ውሃው ተስማማሽ ወይ ብለሽ ጠይቂ» አለቻት። «ከዚያ መልሱን ጠብቂ።»

ተያይዘው ገቡ።